ሁዳዴን ያስጾምኩት ቡችላ

ስለ ቡችላው ከመጻፌ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ላስቀምጥ። የማን እጅ እንደገራው ካልታወቀ ነገሩ አይገባም።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በሠላሳ ዓመቴ ሲሆን አስተማሪዬም እኔው ነኝ። አባታችን ሆይን በቃሌ አውቀው ስለነበር የጸሎት መጽሐፍ ተውሼ እያንዳንዱን ድምፅ በጣቴ ተከተልኩት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ባለቤቴ ጭቃው እንዳይራገፍ ብላ ቤቱን ከውስጥ በጋዜጣ ለጥፋው ነበርና ዝናቡ አላስወጣ ባለኝ ሁለት ክረምት ከምሰሶው እስከ በሩ ድረስ አንብቤ ጨረስኩት። አንዱ ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ነበር፤ እሱንም አንገቴን አዙሬ አነበብኩት። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ዘልቄዋለሁ።

ከሮብ ገበያ በላይ ባለው አገር የአንዱን አፕል ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር አጣብቆ ያፈራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። የተበላሸ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ያለቀለት ነው የተባለውን አናግሬአለሁ። ሰው ሁለት ሳምንት የሚደክምበትን ወይፈን እኔ በአራት ቀን ቀንበር አስለምደዋለሁ። ሰጋር በቅሎ ገርቻለሁ፤ ጌታዋ ሊወጣባት ሲል ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለሽምግልና ከአማኑኤል ከተማ ድረስ ሰው ይልኩብኛል። ይህን የምጽፈው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እንስሳ በማሰልጠን እንደ እኔ ያለ ሰው በዙሪያችን አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ቡችላው የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። አሮጌው ውሻችን በመስከረም ሞቶብን ነበር። ልጆቻችን ደብረ ማርቆስ ገብተው ቀርተዋል። እኔ ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ ሽምግልና ነኝ። ባለቤቴ ግን በየሳምንቱ ረቡዕ ገበያ ትወርዳለች። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፣ ግማሹም በባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። አሮጌው ውሻ ሁልጊዜ አብሯት ይወርድ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ መንገዱን የምትጨርሰው እየሮጠች እንደሆነ አንድ ቀን ነገረችኝ።

«እኔ ጅብ የሚያባርር ውሻ አልፈልግም» አለችኝ። «አብሮኝ ገበያ የሚወርድ፣ ተመልሶ አብሮኝ የሚወጣ ውሻ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከይጁቤ ከእህቷ ዘንድ አመጣችው። በቅርጫት አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ሁለት መኪና ቀያይራ። ቡኒ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለበት። ሁለት ወር አይሞላውም ነበር። እግሮቹ ያን ጊዜ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው።

«ለአንተ አይደለም ያመጣሁት» አለችኝ ገና ቅርጫቱን ሳታወርድ።

«የምታሰለጥኚው አንቺ ነሽ?»

«ምን ሥልጠና አለው? አብሮኝ ይሄዳል፣ አበላዋለሁ፣ አለቀ።»

ሳቅኩባት፤ ቅርጫቱንም ከእጇ ተቀበልኩ።

በአሥር ቀን ውስጥ ያደረግሁትን ማንም አያደርገውም። ቁጭ ስለው ይቀመጣል። ቆይ ስለው ምግቡ ፊት ለፊት ሆኖ ምራቁ እየወረደ ይቆያል። ብላ ስለው ይበላል። ጫጩት ማባረር ሲጀምር አልመታሁትም፤ ጫጩት ያቀፈችው ዶሮ አጠገብ አስቀመጥኩት። እሷ አፍንጫውን ሁለቴ ስትነቁረው ትምህርቱ አለቀ። ጎረቤቴ፣ ማሳው ከማሳዬ የሚዋሰነው፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና «ለእኔም ሚስት እንዲህ ብታስተምርልኝ» አለ። ሚስቱ ከጓሮ ሰምታ ስለነበር የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ የነነዌ ጾም ገባ።

እንደ ልማዴ ትንቢተ ዮናስን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ንጉሡ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምሱ ያወጀበት ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ያን ቦታ ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ቡችላው እግሬ ሥር ተጋድሞ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁና ለባለቤቴ «ይህም ይጾማል» አልኳት።

«አንተ ሰው፣ ሕፃን እንኳ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይጾምም።»

«የሰው ሰባት ዓመት በውሻ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አንተስ ታውቃለህ?»

«አስልቼዋለሁ» አልኳት። አላሰላሁትም ነበር።

በእኛ ደብር የጾም ቅዳሴ ሲያበቃ ደወል ይመታል። ድምፁም ከቤታችን ጥርት ብሎ ይሰማል። ከጠዋት ጀምሮ የቡችላውን ሳህን ባዶ አቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ምግቡን አቅርቤ ቆይ አልኩት። ደወሉ ሲመታ ብላ አልኩት። በመጀመሪያው ቀን አለቃቀሰ። በሁለተኛው ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ትቶ ጆሮውን ወደ ደብሩ አቁሞ ተቀመጠ፤ ደወሉ ሲመታ የእኔን ቃል ሳይጠብቅ በላ። እጆቼን ወደ ሰማይ አነሣሁ። በሕይወቴ ከገራኋቸው ሁሉ እንደዚያ በሦስት ቀን የገባው አልነበረም።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁዳዴ ገባ። እኔም ቀጠልኩ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከደወል በኋላ፣ የጾም እንጀራ በሽሮ። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ እሱም ጠዋት ይበላል። ሰዓት ሳይሆን ደወል እንደሚከተል ለሰው የማሳየውም በዚህ ነበር። ወሬው ወጣ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በእኛ በር ማለፍ ጀመረ። አንዳንዱ ደወሉ ሳይመታ ቀድሞ መጥቶ አጥሩ ሥር ቁጭ ይላል።

«ጋሼ፣ ንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ይላል አንዱ።

«ምን ኃጢአት አለበትና?» ይላል ሌላው።

ያ ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ቀን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ መጣ። «ምን ሆንክ?» ስለው «እኔ ገና በስድስት ሰዓት ቆሎዬን ቅሜ ነው የመጣሁት። ይህ ውሻ እንዳያየኝ ብዬ ነው» አለ። አጥሩ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሳህኑ አጠገብ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያን ሳቅ ወደድኩት። ደወሉ መታ፣ ቡችላው ዘለለ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ላይ አፉ ዙሪያ ነጭ ነገር አየሁ። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት፤ አሬራ ነው። ባለቤቴ ቅቤ ስትንጥ የተረፈውን ጠዋት ጠዋት በጣሳ እየደበቀች ትሰጠው ኖሯል። ጣሳውን ከማጀት አወጣሁና አሬራውን አመዱ ላይ ደፋሁት።

«ትምህርቱን ነው የምታበላሺው» አልኳት።

«ርቦት ነው» አለች።

«እኔስ? አንቺስ? አገሩ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልራበውም?»

«እኛማ ለምን እንደምንጾም እናውቃለን።»

«ሁለተኛ እንዳላይ።»

«እሺ» አለች።

ባለቤቴ በአርባ ዓመት ትዳር እሺ ብላ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ሁልጊዜ ከእሺ በኋላ ሌላ ነገር ይከተላል። ያን ቀን አልተከተለም። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው እንዳትሟገተኝ ያደረግኋት እኔ ነኝ። አሬራው አመድ ላይ ሲሰርግ ቡችላው ሄዶ አመዱን አሸተተ። ወደ እኔ አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ያስተማርኩትን ነው ያደረገው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከብት ልትከትብ የመጣች የእንስሳት ጤና ባለሙያ በረታችን ገባች። የከተማ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት። ላሟንና በሬዎቹን ከተበችና እጇን ስትታጠብ ቡችላውን አየችው።

«አባባ፣ ይህ ስንት ወሩ ነው?»

«ሦስት ወር ተኩል።»

ቁጭ ብላ የፊት እግሮቹን ዳሰሰች። «እግሩን አይተውታል? ወደ ውጭ እየጎበጠ ነው።»

«አቋሙ ነው» አልኳት። «አንበሳም እንዲህ ነው የሚቆመው።»

«አንበሳ አይተዋል አባባ?»

«በሥዕል።»

ሳቀች፤ ግን እጇን ከእግሩ ላይ አላነሣችም። ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። እኔም በኩራት ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። «አጥንቱ የሚጠነክረው አሁን ነው» አለች። «በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይብላ። ወተት ይስጡት፣ እንቁላል ይስጡት፣ ፀሐይ ላይ ይሩጥ። ይህ ጊዜ ካለፈ እግሩ አይመለስም።»

«ፋሲካ ሲደርስ ሥጋውንም ወተቱንም እሰጠዋለሁ።»

«አባባ፣ እግሩ ፋሲካን አይጠብቅም።»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እኔን ብቻ ታይ ነበር። ልጅቱ ስትሄድ እስከ በሩ ሸኘኋት። ትምህርት ቤት የገባ ሰው ከመጽሐፍ ያገኘው ሁሉ እውነት ይመስለዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እኔ ራሴ ያለኝ ሁሉ ከመጽሐፍ የመጣ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

እውነቱን ልጻፍ። በልቤ አምኛት ነበር። እግሩን ከእሷ በፊት አይቼዋለሁ። ነገር ግን በሚመጣው እሑድ ከጎረቤት ደብር ሰዎች ሊያዩት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከእነሱም መካከል በቅሎ በመግራት ከእኔ እበልጣለሁ የሚል አንድ ሰው ይገኝበታል። ከእሑዱ በኋላ አቆማለሁ አልኩ። እሑድ መጡ፣ አዩ፣ ያ ሰውም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የመጨረሻው ሳምንት እስኪያልፍ አልኩ። ፋሲካ ደረሰ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በግ ታርዶ፣ ሰው ፈስኮ፣ ቤቱ ሞቅ ብሏል። ንስሐ አባታችን እንደ ልማዳቸው ማዕዱን ሊባርኩ መጥተው ነበር። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳሉ፤ ንስሐ አባት ናቸውና ልጄ ይሉኛል፣ እኔም አባ እላቸዋለሁ። ለቡችላው ሥጋ ያለበት የበግ ጎድን አመጣሁለት። ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩና «ብላ» አልኩት።

አልበላም። ቁጭ አለ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ደብሩ አየ። «ብላ!» አልኩት ደግሜ። የፊት እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ተቀመጠ፤ ምራቁ መሬቱን አረጠበው። ደወሉ የተመታው ለትንሣኤ ሌሊት ነው፤ አሁን የሚመታ ደወል የለም። ሃምሳውን ቀን ሙሉ የጾም ደወል የለም። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አሉ አባ።

«ደወል እየጠበቀ ነው አባ» አልኩ። ያን ጊዜም፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት። የነነዌን ነገር፣ የሁዳዴን ነገር ነገርኳቸው።

አባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «የነነዌ እንስሳት ስንት ቀን ጾሙ?»

«ሦስት ቀን።»

«ይህስ?»

«ሃምሳ አምስት» አልኩ።

«እነዚያን ያስጾማቸው ንጉሥ ከተማው ሊጠፋበት ፈርቶ ነበር። አንተ ምን ፈርተህ ነው ልጄ?»

እኔ ለጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ሽምግልና ላይ የምጠራውም ለዚህ ነው። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ጎድኑን ወደ ቡችላው አፍ ገፋሁት። ባለቤቴ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አሮጌ ማረሻና ድንጋይ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ማረሻውን መታችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ቡችላው ሥጋው ላይ ወደቀ። የወደቀው ዘሎ አይደለም፤ እግሩ ከድቶት ነው። ተጋድሞ በላ። ሆዱ አልለመደውምና ወዲያው አስመለሰው። ባለቤቴ ማረሻውን መሬት ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ጠረገችለት። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ወተት ሳይቋረጥ ሰጠነው። እንቁላል ሰጠነው። ያቺ ባለሙያ በሰኔ ተመልሳ አየችውና ትንሽ ተሽሎታል፣ ግን የጎበጠው ጎብጧል አለች። ነግሬዎት ነበር አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ደረቱና ራሱ አደጉ። እግሮቹ ግን ሁለት ጎባጣ ማጭድ ይመስላሉ።

በዚያው ወር በአንድ ረቡዕ ባለቤቴ ይዛው ወረደች። እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ ቁልቁለቱ እስኪሰውራቸው አየኋቸው። ገበያ ሳትደርስ ተመለሰች። ወንዙ ዳር ሲደርስ ተጋድሞ አልነሣም አላት። ዘንቢሏን በእጇ ይዛ፣ ውሻውን እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ወጣች።

«መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ በዚህ ዕድሜሽ ወለድሽ እንዴ አሉኝ» አለች፤ ሳቀችም። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ትከሻዋ ላይ የነጠላዋ ቋጠሮ የሠራውን ሰንበር አየሁ።

ማረሻው ከበራችን ላይ ተሰቅሎ ለወራት ስንደውለው ኖርን። ጎረቤቴ «አገራችን ሁለት ደብር ሆነ» ይል ነበር። ደወል ሳይመታ እንዲበላ ለማስተማር የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። በለሆሳስ መታሁ፣ በርቀት መታሁ፣ እየቀነስኩ መጥቼ ተውኩ። ደወል ካልተመታ ከእኔ እጅ አልበላም አለ። ወይፈን በአራት ቀን የገራሁ ሰው በአራት ወር ይህን አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ በመዝጊያው ክፍተት አየሁ። ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አንድ እጇ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ መዳፏ ላይ እንጀራ አለ። ውሻውን አታየውም። ስለ ምስሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህቷ ለራሷ ታወራለች። እሱ ደግሞ ከመዳፏ ይበላል። ደወል የለም፣ ቆይ የለም፣ ብላ የለም። ስንት ቀን እንደፈጀባት አላውቅም። ለማንም አልነገረችም፤ ሰው ጠርታ አላሳየችም። ድምፅ ሳላሰማ ወደ ማሳዬ ተመለስኩ፤ የሚሠራ ሥራ አልነበረኝም።

አሁን ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ሥራዬን ሳልቆጥር ያለፍኩት ነገር ስለሌለ ይህንንም እቆጥረዋለሁ። በዚህ ውሻ ላይ የቻልኳቸው እነዚህ ናቸው፤

ቁጭ ማለት አስተምሬዋለሁ፤ በአንድ ቀን።

ጫጩት እንዳያባርር አስተምሬዋለሁ፤ እጄን ሳላነሣ።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ አስተምሬዋለሁ፤ በሩ ላይ ይቆማል።

የሚጾም ውሻ አሳይቻለሁ። ከእኔ በፊት ያደረገው የለም፤ ከእኔ በኋላም ማንም እንዳያደርገው ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ማረሻውን ከበሩ ላይ አውርጃለሁ።

ለእሱ የሚሆን ማረፊያ ወንዙ ዳር ከድንጋይና ከሣር ሠርቻለሁ፤ ረቡዕ ረቡዕ ከባለቤቴ ጋር እስከዚያ ይወርዳል፣ እስክትመለስም እዚያ ይጠብቃታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕር ዛፍ አብሬያት የምሻገረው እኔ ነኝ። ለሽምግልና በረቡዕ እንዳይቀጥሩኝ ነግሬአለሁ።

በመጨረሻም ያለ ደወል ከእኔ ሳህን እንዲበላ የማደርግበትን አንድ መንገድ አግኝቻለሁ፤ ምግቡን አስቀምጥና ጀርባዬን ሰጥቼ እስከ አጥሩ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ ሲበላ ይሰማኛል። ዞሬ አላይም።